ማልያው የተወረወረ ዕለት

ትምህርት ቤታችን የነበረው ማልያ ለአንድ ቡድን የሚበቃ ብቻ ነው። ሰማያዊ ሆኖ አንገቱ ላይ ነጭ ያለበት። ወንዶቹም እሱኑ ይለብሳሉ፣ ሴቶቹም እሱኑ። አጣቢዋ እኔ ነኝ። እዚያው የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ክፍል እጠርጋለሁ፣ ሽንት ቤት አጥባለሁ፣ ሰሌዳ እወለውላለሁ። ማልያ ማጠብ ሥራሽ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። አንድ ቀን የስፖርት መምህሩ "እትዬ፣ ለዛሬ ብቻ" አለኝ፤ ያቺ ዛሬ ይኸው እስካሁን አላለቀችም። ተማሪዎቹ "እትዬ ሳሙና" ይሉኛል። ከኋላዬ ሳይሆን ፊት ለፊቴ ነው የሚሉኝ፤ እኔም አቤት እላለሁ።

ጨዋታ ያለ ቀን አሠራራችን እንዲህ ነው። ወንዶቹ ቀድመው ይጫወታሉ። ሴቶቹ ከቤተ ሙከራው ጀርባ፣ የተሰባበረ ወንበር የተከመረበት ቦታ ሆነው ይጠብቃሉ። የወንዶቹ ጨዋታ እንዳለቀ ልጆቹ እየሮጡ ይመጡና ማልያቸውን እያወለቁ እኔ አፉን ከፍቼ የያዝኩት ጆንያ ውስጥ ይጥላሉ። ጆንያውን ተሸክሜ ወደ ሴቶቹ እዞራለሁ። ማጠብ የለ፣ ማድረቅ የለ። ሴቶቹ ከውስጥ የየራሳቸውን ካናቴራ ለብሰው ስለሚመጡ ከላይ ያጠልቁትና ወደ ሜዳ ይገባሉ።

"ኧረ ይኼ ዘጠኝ ቁጥሩ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል!" ትላለች አንዷ።

"ቁርሱን ነው ያላበው።"

"ምን ታካብጂያለሽ፣ ትኩስ ነገር አትወጂም?"

"እትዬ፣ በሚቀጥለው ልጆቹንም ጨምረሽ እጠቢያቸው እባክሽ።"

ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ለሴቶቹ የራሳቸው ይገዛል ሲባል ሰንብቷል። የራሷ ያላት በረኛዋ ብቻ ነበረች፤ ወንድሟ የተወላት አረንጓዴ ሹራብ።

ከእነዚህ ልጆች አንዷ የእኔ ናት። የወለደቻት እህቴ ናት፤ እህቴ ስታርፍ ልጅቷ ገና ጥርሷን እየነቀለች ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ናት። ቡድኑ ውስጥ "ምስማር" ይሏታል። ቀጭን ናት፣ ከተተከለች ደግሞ አትነቀልም። ግትርነቷን ከአክስቷ ነው የወሰደችው ይላሉ። ከማን ትውሰድ ታዲያ? ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን።

አምና ክፍል ደገመች። ደብተሯን አልጋ ሥር ወርውራ፣ "አክስቴ፣ ይኼ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም። ቁጭ ብዬ የማየው የሰው ማጅራት ነው። ብስኩት ፋብሪካው ሴቶች እየቀጠረ ነው፤ ልግባ" አለችኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ማን አስወጣኝ፣ ለምን ወጣሁ፣ እሱን ልተወው። እሷ ግን እንድትወጣ አልፈልግም ነበር። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አኮረፍኳት። ምስማር ናት አልኳችሁ።

ያኔ ነው የስፖርት መምህሩ የሴቶቹን ቡድን ያቋቋመው። ወጣት ነው፣ ገና በኮንትራት ያለ፤ ልጆቹ "ቲቸር" ነው የሚሉት። በእረፍት ሰዓት ጠርሙስ ስትለጋ አይቷት "አንቺ፣ ነይ እስቲ" አላት። በሳምንቱ ማታ ሰሃን እያጠብን እንዲህ አለችኝ፦

"ኳሱ እስካለ እማራለሁ። ኳሱ ከቀረ ግን እንዳትለምኚኝ።"

"እሺ" አልኳት።

"እሺ ብለሽ ደግሞ እንዳትለምኚኝ።"

"እሺ አልኩሽ እኮ! ሰሃኑን አለቅልቂ።"

ውላችን ይኸው ነበር። ትምህርቱንም ቢሆን መያዝ ጀምራ ነበር። ጎበዝ ሆነች አልልም፤ ሌሊት የቤት ሥራ ስትሠራ ግን አይቻታለሁ፣ ምላሷን አውጥታ፣ እንደ ሕፃን።

ሴቶቹ ግን አንድ ጨዋታ ላይ ሳይገኙ ቀርተው ነበር። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የሚሄደው አውቶብስ ወንዶቹንና ደጋፊዎቻቸውን ጭኖ ሞላና ሴቶቹን በር ላይ ጥሏቸው ሄደ። ቲቸር ሰበሰባቸውና እኔም እየሰማሁ ነገራቸው፦ "ሕጉ ግልጽ ነው። ሁለተኛ ከቀረን ከውድድሩ እንሰረዛለን። ዳይሬክተሩ ደግሞ ከተሰረዘ ቡድኑ ይፈርሳል ብሏል። ቀጣዩ ጨዋታ እዚሁ ሜዳችን ነው፤ መሸነፍ ይቻላል፣ መቅረት አይቻልም።"

"ቤታችን ሆነን እንዴት ነው የምንቀረው?" ብላ በረኛዋ ሳቀች።

የሴቶቹ ጨዋታ ዕለት የወንዶቹም የዋንጫ ጨዋታ ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ የቢሮ ወንበር ሁሉ ወደ ሜዳ ወጣ፣ ከበላይ ቢሮ እንግዶች መጡ። ድምፅ ማጉያው ከጠዋት ጀምሮ ይጮሃል። አንድ ትምህርት ቤት ነው የመጣው፤ ወንዶቹ ከወንዶቹ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ ከሴቶቹ ሊጫወቱ። የእንግዶቹ ሴቶች ቡድን አሠልጣኝ ኮፍያ ያደረገች ሴት ናት፤ ልጆቿን ሜዳው ዳር አስቀምጣ ውሃ ታጠጣለች። የእኛዎቹ እንደተለመደው ከቤተ ሙከራው ጀርባ እያሟሟቁ ናቸው። እኔ ጆንያዬን ይዤ መስመሩ ጋ ቆምኩ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል "መብረቅ" የሚሉት አምበላችን በግንባሩ ገጭቶ አገባ። ሜዳው ተደበላለቀ። ዳኛው ሲነፋ ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ፈሰሰ። እኔም ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም፤ እልል ብያለሁ።

ከዚያ መብረቅ ማልያውን አወለቀ። ወደ እኔ የሚመጣ መስሎኝ የጆንያውን አፍ ከፈትኩ። እሱ ግን ማልያውን ከራሱ በላይ እያሽከረከረ ወደ ደጋፊው ሮጠና ወረወረው። በቴሌቪዥን ያዩት ነው። ትልልቆቹ ተጫዋቾች ሲያሸንፉ እንዲህ ያደርጋሉ። እነሱ ግን ቤታቸው ሌላ ማልያ አላቸው። አንዱ ከወረወረ በኋላ ማን ይቀራል? አከታትለው ወረወሩት። ሰማያዊው ሁሉ በሰው ራስ ላይ ሲበር አየሁ። እኔ እዚያው አፉ የተከፈተ ጆንያ ይዤ ቀረሁ።

መብረቅን እጁን ለቀም አደረግኩት።

"አንተ! ማልያውስ?"

"እትዬ ሳሙና! ዋንጫ በላን እኮ!"

"ብሉ! ማልያውን የት አደረስከው?"

"ለሕዝብ ሰጠሁት!"

"ሕዝብ ማነው? ስም የለውም? ሴቶቹ ምን ሊለብሱ ነው?"

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። "ወይኔ" አለ። "ወይኔ እትዬ፣ ጭራሽ..." ክፋት አልነበረበትም፤ ይኼንን ለመናገር እወዳለሁ። አልታሰባቸውም፣ ያ ነው ነገሩ። ራቁቱን ደረቱን እየመታ "ማልያ መልሱ! ማልያ!" እያለ ሰው መሃል ገባ። ሰው መፈክር መስሎት አብሮት "ማልያ! ማልያ!" ይላል።

እኔ በሌላ በኩል ገባሁ። አንዱ ራሱ ላይ ጠምጥሞታል፤ ጎትቼ ወሰድኩት። አንዷ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች፣ እጅጌው ዚፑ ላይ ተንጠልጥሎ እያየሁት "አላየሁም" ትለኛለች። አንድ ቦርጫም ሰውዬ ለብሶት ተወጥሮበታል።

"ጋሼ፣ ያውልቁት።"

"ስጦታ ነው እኮ! የተሰጠ ነገር ይመለሳል?"

"ሰጪው የራሱን አልሰጠም። ያውልቁ።"

"ቢወልቅ መች ጠላሁ? እንቢ ብሎኝ ነው!"

ከሚስቱ ጋር ሆነን በራሱ በኩል መዥርጠን አወጣነው። ሚስቱ እየሳቀች ነው፤ እኔ ላልቅስ ምንም አልቀረኝም። ሁለት ጎረምሶች አንዱን ማልያ ሲጓተቱ ስደርስ ለሁለት ተቀደደ። የደጋፊ አውቶብስ ደግሞ ከበሩ እየወጣ ነበር፤ በመስኮቱ ሰማያዊ ነገር ይውለበለባል። ሮጥኩ። አንኳኳሁ። ሹፌሩ ደስታዬን የምገልጽ መስሎት ጡሩምባ ነፋልኝና ሄደ።

መብረቅና እኔ ለቃቅመን ይዘን የተመለስነው አራት ማልያና አንድ ግማሽ ነው።

ዳኛው ሰዓቱን እያየ ነው። ቲቸር አብሮት ቆሟል። "ከበረኛዋ ጋር ቢያንስ ሰባት ልጅ ቁጥር ያለው ማልያ ለብሶ ይግባልኝ፤ ከዚያ በታች ማስጀመር አልችልም" አለ ዳኛው። ደረቅ ሰው አልነበረም፤ ትንሽ ልጠብቅ ብሎ ጠበቀ። ቲቸር ስልኩን ይነካካል፣ የሚደውልለት ሰው ግን የለም።

ይኼኔ ኮፍያ ያደረገችው አሠልጣኝ መጣች። ትልቅ ሻንጣ ጎትታለች።

"ተለዋጭ አለን" አለች። "ቢጫ ነው፤ ታጥቦ የታጠፈ። ይልበሱት። ልጆቼ ለመጫወት ነው ይኼን ሁሉ መንገድ የመጡት።"

እጇን ልስማት ምንም አልቀረኝም። ዳኛው "በእኔ በኩል ችግር የለም። ቀለሙ ይለያል፣ ቁጥር አለው። የእናንተ ትምህርት ቤት ከተስማማ ይግቡ" አለ።

ቲቸር ወደ ድንኳኑ ሄዶ ዳይሬክተሩን ይዞት መጣ። ዳይሬክተሩ ዋንጫውን እንዳቀፈ ነው የመጣው። አንዱን ቢጫ ማልያ ዘረጋው። ደረቱ ላይ የዚያኛው ትምህርት ቤት ስም በትልቁ ተጽፏል።

"ይኼንን ነው የምናለብሳቸው?" አለ። "አሁን፣ እንግዶቹ ቁጭ ብለው እያዩ? የሌላ ትምህርት ቤት ስም ደረታችን ላይ ለጥፈን?"

"ለአንድ ጨዋታ ነው" አለ ቲቸር።

"ዋንጫ በወሰድንበት ቀን ማልያ ለምነው ገቡ እንዲባል ነው?"

"ማን ይላል?" አልኩ። ግቢበት ያለኝ ሰው የለም፤ ገባሁበት። "ሰው ኳስ ነው የሚያየው።"

"እትዬ፣ አንቺ ወደ ሥራሽ።"

"ሥራዬ እኮ ይኸው ነው። ስሙ ከሆነ የሚያስጨንቅዎ ገልብጠው ይልበሱት፤ ስሙ ወደ ውስጥ ይገባል።"

"ቁጥሩም አብሮ ይገባል" አለ ዳኛው፣ አዝኖ።

"ቁጥሩን በጠመኔ እጽፈዋለሁ! ጠመኔ ሞልቷል። እስከ አሥራ አንድ መጻፍ አያቅተኝም።"

ዳኛው ሳቅ አለ፤ እሺ ሊል እንደነበር እስከ ዛሬ እምላለሁ። አሠልጣኟም "እኔ እጽፋለሁ" አለች። ዳይሬክተሩ ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

"ጭራሽ በጠመኔ! መሳቂያ ልታደርጉን ነው? በቃ አልኩ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የሴቶቹ ውጤት እንደሆነ የታወቀ ነው። ዛሬ ባይጫወቱ ምን ይጎድላል?"

ቲቸርን አየሁት። ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከትቶ ያላምጠዋል። የኮንትራት ሰው ነው፣ ይገባኛል። የሚገባኝ ነገር ግን ሁሉ አያስደስተኝም።

ልጆቹ ጩኸታችንን ሰምተው ከቤተ ሙከራው ጀርባ ወጥተዋል። ምስማር ፊት ቆማለች፣ ጫማዋን አጥብቃ አስራ፣ ካልሲዋን እስከ ጉልበቷ ስባ። ዳይሬክተሩ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

"ልጄ፣ ለትምህርት ቤታችን ክብር ነው። ትረዱኛላችሁ አይደል?"

"እሺ" አለች።

ይኼን ያህል ዘመን ሳሳድጋት ያለ ክርክር እሺ ያለችበት ቀን የለም። "ምን እሺ ነው! ተናገሪው እንጂ!" አልኳት። አጎንብሳ የጫማዋን ክር ፈታች።

ሕጉ ነው ተብሎ የእንግዶቹ ሴቶች ብቻቸውን ሜዳ ገብተው ተሰለፉ። ከፊታቸው ሰው የለም። ዳኛው ነፋ፤ አሸነፉ ተባለ። አንዳቸውም አልጨፈሩም። የእነሱ አጥቂ ወደ እኛ ልጆች እጇን አንስታ ዝቅ አደረገች፣ ሰላም እንደሚሉት፣ ወይም ይቅርታ እንደሚሉት። ዳይሬክተሩ ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ "ለከርሞ ለሴት ተማሪዎቻችን አዲስ ማልያ እናሠራለን!" ሲል ሰው አጨበጨበ።

ቡድኑ በሳምንቱ ተሰረዘ። ቲቸር ቧንቧው ጋ አግኝቶኝ "እትዬ፣ ለከርሞ..." ሲል "ለከርሞ አትበለኝ" አልኩትና ባልዲዬን አንስቼ ሄድኩ።

መብረቅ እሁድ ቤታችን መጣ። አንድ ማልያ ፈልጎ አግኝቶ፣ አጥቦ፣ ተኩሶ ይዟል። በሩ ላይ ቆሞ "ምስማር፣ እኔ እኮ..." አለ፤ ሌላ አልወጣውም። እሷ ውሃ ቀዳችለት፣ "እንኳን ደስ አለህ፣ ጥሩ ጎል ነበር" አለችው። የምሯን ነው። ልጁ ውሃውን እንደያዘ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም።

ሰኞ ጠዋት ከእኔ ቀድማ ተነስታ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላለች።

"ወዴት ነው?"

"ታውቂዋለሽ።"

"ዩኒፎርምሽን ተኩሼዋለሁ። ወንበሩ ላይ ነው።"

"አክስቴ፣ እንዳትለምኚኝ ብዬሻለሁ። እሺ ብለሻል።"

"ተናገርኩ እንጂ መች ለመንኩ? ዩኒፎርም ተኩሻለሁ ነው ያልኩት።"

ጉንጬን ስማኝ ወጣች።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። መጥረጊያዬን ሳላስቀምጥ ነው የገባሁት። ቡድኑን ይመልሱት፣ ልጄ ትምህርት አቋረጠች አልኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ አስቀመጠኝ። "ኳስ ቀረ ብሎ ትምህርት የሚተው ተማሪ፣ እትዬ፣ ምኑን ተማሪ ነው?" አለኝ።

"ገና ተማሪ ልትሆን ነበር እኮ" አልኩት። "እየሆነች ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ። ስልኩ ጮኸ፣ አነሳው። ዋንጫው ከጀርባው መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። አቧራውን የምወለውለው እኔ ነኝ።

ከሥራ ስወጣ ፋብሪካው በር ላይ እየሄድኩ እጠብቃታለሁ። መንገዴ አይደለም፤ በሌላ በኩል ነው። ሴቶቹ ነጭ ቆባቸውን እያወለቁ በጅምላ ይወጣሉ፣ ሁሉም ስኳር ስኳር ይሸታሉ። እሷም በመሃላቸው ትመጣለች። የተሰበረ ብስኩት በወረቀት ጠቅልላ ትሰጠኛለች።

"ለምን ትመጫለሽ?"

"መንገዴ ነው።"

"መንገድሽ አይደለም።"

"እግሬ ያመጣኛል፣ ምን ላድርገው።"

ትስቃለች፣ ትንሽ። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ሄድ ስትል ወገቧን ትይዛለች፣ እንደ እኔ። አንድ ቀን ልነግራት ቆርጬ፣ "የመንፈቁ ምዝገባ አርብ ያበቃል። ያልተመዘገበ ስሙ ይወጣል" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ የለም። አክስቴ፣ ቀስ በይ፣ እግሬን አሞኛል።"

ቀስ አልኩ።

አርብ ቀን ሥራዬን ቶሎ ጨርሼ መመዝገቢያው መስኮት ጋ ተሰለፍኩ። ከፊቴ ተማሪ፣ ከኋላዬ ተማሪ፤ እኔ በሥራ ልብሴ መሃል ቆሜያለሁ። ልጆቹ "እትዬ ሳሙና ልትማር ነው!" ብለው ሳቁ፤ ምን አለበት አልኳቸው። ተራዬ ሲደርስ መዝጋቢው የልጄን ስም ሰማና "ራሷ ቀርባ መፈረም አለባት" አለኝ።

"ትመጣለች።"

"መቼ?"

"ትመጣለች አልኩህ። ሌሎቹን አስተናግድ።"

ወደ ጎን ቆምኩ። ሰልፉ አጠረ፣ አለቀ። መዝጋቢው ማህተሙን መሳቢያ ውስጥ ከተተ፤ አየኝና መልሶ አወጣው። ፋብሪካው የሚለቅበት ሰዓት ገና እንደሆነ አውቃለሁ፤ ብትለቀቅም እንደማትመጣ አውቃለሁ። ቆምኩ። በሩን አየሁ። ዘበኛው ብቻ ነው ያለው፣ ወንበሩን ወደ ጥላው እየጎተተ።

"እትዬ" አለኝ መዝጋቢው ቀስ ብሎ፣ "ልዘጋ ነው።"

"ዝጋ እንግዲህ" አልኩት።

መስኮቱን ዘጋ። ሰልፉ የነበረበት ቦታ ወረቀትና የብዕር ክዳን ሞልቶበታል። መጥረጊያዬን አመጣሁና ጠረግኩት።